ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ

ሰው በደል የደረሰበት እንደ ሆነ፥ ፍትሕ ምን እንደ ሆነች ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም። ፊደል ያልቈጠረው ባላገር እንኳ ድንበሩ የተገፋበት ዕለት ከጠበቃ ይልቅ አጥርቶ ይናገራል። ነገር ግን አድልዎው ለእርሱ የሚጠቅም በሆነ ጊዜ፥ ያው አንደበተ ርቱዕ ሰው ዓይኑ ይፈዛል፥ ምላሱም ይተሳሰራል። ውሸት አይናገርም፤ ዝም ይላል እንጂ። አባቶቻችን ይህን የሰው ጠባይ ዐውቀው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብለው ተረቱ። ይህን ተረት ብዙዎቻችን በማዕድ ዙሪያ ለሣቅ እንናገረዋለን። እኔን ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት እንደ ክስ ሆኖ ተሰማኝ። ነገሩ የትምህርት ቤት ነገር ነውና፥ ገና በትምህርት ላይ ላላችሁት ለእናንተ ልንገራችሁ።

የምኖረው በካናዳ አገር፥ ኦንታርዮ በተባለው ጠቅላይ ግዛት፥ በቶሮንቶ ከተማ ነው። እኅቴ አንዲት ልጅ አለቻት። ልጂቱ ስምንተኛ ክፍልን በጨረሰች ጊዜ፥ በሰፈራችን ወዳለው የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስገባናት። እኛ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ነን፤ ሆኖም በዚያ አገር ሕግ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ ሃይማኖቱ ምንም ቢሆን፥ ሊማርበት ለሚሻ የአካባቢው ልጅ ክፍት ነው። ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፤ ቀኑ በጸሎት ይጀመራል፤ መምህራኑም ትጉሃን ናቸው። ክፍያ የለውም፤ ወጪውን የሚችለው መንግሥት ነው። እኅቴ እግዚአብሔርን አመሰገነች፥ እኔም አብሬ አመሰገንሁ።

የጎን ጎረቤታችን የሐረር ተወላጅ የሆኑ ሐጂ ናቸው። እንደ እኛው ሠርተው ያድራሉ፥ እንደ እኛው ግብር ይከፍላሉ። ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ግን የሚያስተምሩት በሙስሊሞች ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያውንም ሌሊት ታክሲ እየነዱ ከኪሳቸው ያወጣሉ። አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርተናቸው በመጡ ጊዜ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ነበር። እኅቴ «ምነው ሐጂ፥ ሳይተኙ አደሩ እንዴ?» ብላ ብትጠይቃቸው፥ «የልጆቹ ክፍያ ደርሶብኝ ነው» አሉ። ይህን ጊዜ ልጂቱ ከደብተሯ ቀና ብላ፥

«ጋሼ፥ የኔን ትምህርት ቤት መንግሥት ይከፍላል፤ ለሐጂ ልጆች ለምን አይከፍልላቸውም?» አለችኝ።

እኔም ብዙ ሳላስብ፥ «ሕጉ ነዋ!» አልኋት። ሐጂ ፈገግ ብለው ወደ ሲኒያቸው ተመለከቱና፥ «አዎን፥ ሕጉ ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያ ፈገግታ ግን ከተግሣጽ ይልቅ አቃጠለኝ። «ሕጉ ነው» ማለት መልስ ነው፥ ወይስ ከመልስ መሸሻ? ይህን እያሰብሁ ስገላበጥ አደርሁ፤ በማግሥቱም የሕጉን ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በ1847 ዓ.ም. በአየርላንድ በተነሣው ብርቱ ረኀብ ምክንያት 38 ሺህ የሚያህሉ ስደተኞች ወደ ቶሮንቶ መጡ። በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ሕዝብ 20 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ከስደተኞቹ የሚበዙት ካቶሊኮች ሲሆኑ፥ ከነዋሪዎቹ የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። የካቶሊኮቹ ጳጳስ ማይክል ፓወር በተስቦ የተያዙትን ስደተኞች ሲጎበኙ በሽታው ያዛቸውና በዚያው ዓመት ሞቱ። እንግዲህ የዛሬዎቹ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ከዚህ ይጀምራል ቢባል ሐሰት አይደለም፤ የተራበ፥ የታመመ፥ ባላገሩ የናቀው ስደተኛ ልጁን ምን ላስተምረው ብሎ ከመጨነቁ።

በዚያ ዘመን የአገሩን ትምህርት የሚመሩት ኤገርተን ራይርሰን የሚባሉ የሜቶዲስት ቄስ ነበሩ። ምኞታቸው ደግ ነበር፤ የሀብታምም የድኻም ልጅ፥ የዚህም የዚያም ሃይማኖት ልጅ በአንድ የጋራ ትምህርት ቤት እንዲማር ይፈልጉ ነበር። ካቶሊኮቹ ግን «የጋራ የምትሉት ቤት ጸሎቱም መጽሐፉም የፕሮቴስታንት ነው» ብለው ተቃወሙ። በእርግጥም ብዙኃኑ የጋራ ነው የሚሉት ቤት ለጥቂቶቹ የጋራ ሆኖ እንደማይታያቸው ስደተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። በ1841 የወጣው ሕግ የተለየ ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ፈቀደላቸው፤ በ1863 የወጣው የስኮት ሕግም መብታቸውን አጸና። ይህ ሁለተኛው ሕግ የጸደቀው፥ ዛሬ ኦንታርዮ ከምንላት ምድር ከተመረጡት እንደ ራሴዎች የሚበዙት እየተቃወሙት፥ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ካቶሊኮች ድምፅ ነው።

በ1867 አራቱ ግዛቶች አንድ አገር በሆኑ ጊዜ ትልቅ ውል ተዋዋሉ። በኦንታርዮ ጥቂቶቹ ካቶሊኮች ነበሩ፤ በኬቤክ ደግሞ ጥቂቶቹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች በብዙኃኑ እንዳይዋጡ ይፈሩ ነበር። ስለዚህ በሕገ መንግሥቱ በ93ኛው አንቀጽ፥ አገሪቱ አንድ ስትሆን በሕግ የነበራቸው የሃይማኖት ትምህርት ቤት መብት እንዳይነካ ተጻፈ። አንተ የእኔን ወንድም ጠብቅልኝ፥ እኔም ያንተን እጠብቅልሃለሁ እንደ ማለት ነው። ያለዚያ ውል ካናዳ የምትባል አገር ባልተመሠረተች ነበር ይባላል።

ውሉ በወረቀት ላይ ቢጻፍም ገንዘቡ በሙሉ አልተሰጠም። በ1928 ከታይኒ ወረዳ በተነሣው ክርክር፥ በለንደን የነበረው የንጉሡ የፍርድ ሸንጎ ኦንታርዮ ለካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገንዘብ የመስጠት ግዴታ የለባትም ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ርዳታ በ10ኛው ክፍል ያበቃ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን ወላጆች ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር፤ መነኮሳትና መነኮሳይያትም በጥቂት ደመወዝ ያስተምሩ ነበር። በ1971 የግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ዴቪስ ርዳታው ይስፋፋ የሚለውን ጥያቄ እንቢ ብለው ምርጫ አሸነፉ። በ1984 ግን እኒያው ሰው አሳባቸውን ለውጠው ርዳታው እስከ መጨረሻው ክፍል እንዲደርስ አወጁ። በ1986 ሕግ ሆኖ ወጣ፤ በ1987ም የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም ብለን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንጠይቅ። የአባቶች ቃል ልጆችን ያስራልን?

በእኔ አሳብ ያስራል። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይባል የለምን? ዕዳ ደግሞ ባለዕዳው ሲሞት አይሞትም፤ ርስቱን የወረሰ ዕዳውንም ይወርሳል። ቃል ቢፈርስ ምን እንደሚሆን በዚያው በካናዳ ታይቷል። የማኒቶባ ግዛት በ1870 ስትመሠረት ለካቶሊክ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ተስፋ ተሰጥቶ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሕዝብ ወደ ግዛቲቱ ጎርፎ ብዙኃኑ ተለወጠ፤ በ1890ም ምክር ቤቱ ርዳታውን ሰረዘው። ክርክሩ አገሪቱን በሙሉ አናውጦ የ1896ቱን ምርጫ እስከ መወሰን ደረሰ። ብዙኃኑ በቈጠሩት ድምፅ ብቻ ቃልን የሚያፈርሱ ከሆነ፥ ጥቂት የሆነ ሕዝብ በምን ተማምኖ ይተኛል? ስለዚህ «ያረጀ ውል ነው፥ ይቀደድ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትቸኩሉ። የመብት ጠባቂ ብዙ ጊዜ ያረጀ ወረቀት ነው።

አሁን ግን ሁለተኛውን ጥያቄ እንጠይቅ። ለአንዱ የተገባ ቃል ሌላውን ለመከልከል ምክንያት ይሆናልን?

ይህን ጥያቄ ከሐጂ በፊት የጠየቁት ነበሩ። የአይሁድና ካቶሊክ ያልሆኑ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወላጆች ተከራክረው ጉዳያቸው በ1996 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። ፍርድ ቤቱም የካቶሊኮቹ መብት ከ1867ቱ ስምምነት የተወለደ ልዩ መብት ነው፤ ኦንታርዮ ለሌሎቹ የመክፈል ግዴታ የለባትም ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ አንድ አይሁዳዊ አባት አቤቱታውን ወደ ተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ወሰደ። ኮሚቴውም በ1999 አድልዎ አለ ብሎ ወሰነ። ልዩነቱ በሕገ መንግሥት ተጽፎ መገኘቱ ብቻ ተገቢ እንደማያደርገው ገለጠ። ካናዳ ግን ሕጉን አልለወጠችም።

ወጣቶች ሆይ፥ ሁለቱን ፍርዶች አስተያዩአቸው። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው «ምን ተብሎ ተጽፏል?» ብሎ ነው። ኮሚቴው የጠየቀው «የተጻፈው ለሁሉ ልክ ነውን?» ብሎ ነው። እኔ ለልጂቱ «ሕጉ ነዋ!» ባልሁ ጊዜ፥ እርስዋ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቃኝ ሳለ የመለስሁላት የመጀመሪያውን ነበር። ሐጂ ፈገግ ያሉት ለዚህ ነው።

የውሉም ሌላኛው ጎን እንደ ቀድሞው አልቆመም። ኬቤክ በ1997 ከፌዴራሉ ፓርላማ ጋር ተስማምታ ከ93ኛው አንቀጽ ግዴታ ወጣች፤ በ1998ም የካቶሊክና የፕሮቴስታንት የነበሩትን ቦርዶች በቋንቋ ከፋፍላ አቋቋመቻቸው። ኒውፋውንድላንድም በ1997 ሕዝቡን ጠይቃ፥ ድምፅ ከሰጡት ከመቶ 73 ያህሉ ስለ ተስማሙ፥ የሃይማኖት ቦርዶችን አስቀረች። እንግዲህ በኦንታርዮ፥ በአልበርታና በሳስካችዋን ያሉት የካቶሊክ ቦርዶች መቆማቸው የቆመ ተራራ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ማንም ስላላነሣቸው ነው።

እነዚህ ቦርዶች ዛሬ በምን ችግር ላይ እንዳሉም ማወቅ ይገባል፤ የተቀባይን ሕይወት ሳያውቁ በተቀባይ ላይ መፍረድ ልክ አይደለምና። በኦንታርዮ 72 የትምህርት ቦርዶች ሲኖሩ 37ቱ የካቶሊክ ናቸው። ቀድሞ ቦርዶቹ ራሳቸው ግብር ይጥሉ ነበር። በ1997 የወጣው ሕግ ግን ይህን ሥልጣን ወስዶ ለጠቅላይ ግዛቱ መንግሥት ሰጠ። ካቶሊኮቹ ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2001 መንግሥት ልክ ነው አለ። ሕጉ ለድኻው ቦርድ በጅቶት ነበር፤ በሀብታም ሰፈር ያለውና በድኻ ሰፈር ያለው ቦርድ በአንድ ስሌት መከፈል ጀመረ። ነገር ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቦርዱ የሚኖረው አብዛኛው በተማሪ ቁጥር እየተሰላ በሚሰጠው ገንዘብ ነው። የተማሪ ቁጥር በቀነሰ ጊዜ ገንዘቡ ይቀንሳል፤ ጣራው ግን ማፍሰሱን፥ ምድጃውም እሳት መፈለጉን አይቀንስም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ረቂቅ ፈተና መጣ። ተማሪ ሁሉ ገንዘብ ይዞ ይመጣልና፥ ቦርዱ ካቶሊክ ያልሆነውን ልጅ ሲቀበል ከፍቅር የተነሣ ነው፥ ወይስ ከራስ ቈጠራ? ልቡናን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ ግን ጥያቄው በሳስካችዋን ፍርድ ቤት ሳይቀር ደርሷል። ቲዮዶር በምትባል ትንሽ መንደር በ2003 የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል፥ ነዋሪዎቹ የካቶሊክ ቦርድ አቋቁመው ትምህርት ቤቱን አተረፉት፤ ከልጆቹ የሚበዙት ግን ካቶሊኮች አልነበሩም። በ2017 አንድ ዳኛ መንግሥት ካቶሊክ ላልሆኑት ተማሪዎች ለካቶሊክ ትምህርት ቤት ሊከፍል አይገባም ብሎ ፈረደ። በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሻረው፤ በ2021ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። የመንደሩን ሰዎች አልነቅፍም፤ ልጆቻቸው በብርድ ሩቅ እንዳይሄዱ ነው የሠሩት። ነገር ግን ሃይማኖትን ለመጠበቅ የተሰጠ መብት ሕንፃን ለመጠበቅ ሲውል፥ መብቱ ከሥሩ እየተነቀለ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሌላው ፈተና የኪስና የሕሊና ፈተና ነው። የሚከፍል ያዝዛል። በ2012 ኦንታርዮ ያወጣችው ሕግ፥ በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ምክንያት የሚሰደቡና የሚጠቁ ተማሪዎች የሚደጋገፉበትን ማኅበር በራሳቸው በመረጡት ስም እንዲያቋቁሙ ርዳታ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ ግድ እንዲፈቅድ አዘዘ። ከካቶሊክ መሪዎች ብዙዎቹ ይህን ከእምነታቸው ጋር የሚጋጭ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ሌሎች ካቶሊኮች ደግሞ የተጠቃን ልጅ መጠበቅ ራሱ የወንጌል ሥራ ነው አሉ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ከሕዝብ መሶብ የሚበላ ሰው የሕዝቡን ልጅ ሁሉ እንደ ልጁ የማየት ግዴታ ይገባበታል። ይህ የሚከብደው ሰው ትቶት በራሱ እንጀራ ሊያድር ይችላል። መሶቡንም ልዩነቱንም በአንድነት እይዛለሁ ማለት ግን ያስቸግራል።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ የሚያሳፍረው ነው። በ2024 የአንድ የካቶሊክ ቦርድ አባሎች ለትምህርት ቤት የሚሆኑ የሃይማኖት ምስሎችን እንገዛለን ብለው ወደ ኢጣልያ ተጓዙ። ለጉዞው ብቻ 45 ሺህ ዶላር ያህል፥ ለምስሎቹም መቶ ሺህ ዶላር የሚያህል ወጣ። ነገሩ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጣ፤ የጉዞውንም ገንዘብ እንዲመልሱ ተጠየቁ። በ2025 ሰኔ ወር ደግሞ የትምህርት ሚኒስትሩ በገንዘብ አያያዛቸው ምክንያት ለበርካታ ቦርዶች የበላይ ተቈጣጣሪ ሲሾሙ፥ ከነዚያ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የካቶሊክ ቦርዶች ነበሩ። እነዚያን የጥንት መነኮሳይያት አስቡአቸው፤ በጥቂት ደመወዝ እያስተማሩ ያቆዩትን ቤት ልጆቻቸው በዚህ ስም አስጠሩት። ድህነት ያላፈረሰውን ቤት የተደላደለ ገንዘብ ያዘምመዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት አሳቦች ይነገራሉ። የመጀመሪያው፥ ርዳታው ከካቶሊኮቹም ይቅርና ሁሉም በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ይማር የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ለሁሉም ሃይማኖት ትምህርት ቤት እኩል ይከፈል የሚል ነው። ሦስተኛው፥ እንዳለ ይቅር የሚል ነው። ሁለተኛውን አሳብ በ2007 ጆን ቶሪ የሚባሉ የፓርቲ መሪ ለምርጫ አቅርበውት ነበር፤ ምርጫውንም፥ የራሳቸውንም መቀመጫ አጡ። የተቃወሟቸው ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም፤ ልጆቻችን በየሃይማኖታቸው ተለያይተው ካደጉ ነገ እንዴት አብረው ይኖራሉ ብለው የፈሩ ብዙዎች ነበሩ። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። እኔም በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርሁ ነኝ፤ የሃይማኖት ትምህርት ለልጅ ምን እንደሚሰጥ ዐውቃለሁ፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር በአንድ ወንበር አለመቀመጥም ምን እንደሚያሳጣ ዐውቃለሁ።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን የአገሩ ሕዝብ በምክር ቤቱ ይወስን። እኔ በዚህች ጽሑፍ የምናገረው ሕግ አውጪ ስለሚሠራው አይደለም። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ በሕጉ የሚጠቀመው ሰው ምን ዕዳ አለበት ስለሚለው ነው። ይህ ጥያቄ የፓርላማ አይደለም፤ የእኔ ነው፥ የእኅቴ ነው፥ የልጂቱ ነው።

በልዩ መብት የሚኖር ሰው ሦስት ዕዳ ያለበት ይመስለኛል። አንደኛው ማወቅ ነው፤ የሚበላውን እንጀራ ማን እንደ ጋገረው፥ ማን ደጅ ቆሞ እንደሚያየውም ማወቅ። ሁለተኛው ከሌላው ይልቅ ንጹሕ መሆን ነው፤ በመብቱ የሚቀናበት ሰው ብዙ ነውና አንዲት ሣንቲም እንኳ በከንቱ ልትወጣበት አይገባም። ሦስተኛውና የሚከብደው ግን ቀድሞ መናገር ነው። ደጅ ያለው ሰው «በር ክፈቱልኝ» ቢል ቅናት ይባላል። ከውስጥ ያለው «በር እንክፈት» ቢል ግን ምስክርነት ነው። ስለ ራስ የሚጮኽ ሰው ጩኸቱ ለፍትሕ ይሁን ለሆድ አይታወቅም፤ ከራሱ ጥቅም ፊት ለፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ግን ፍትሕን መውደዱ ይታወቃል።

ይህን ካሰብሁ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለኝም። በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ በሆነ ቀን ከእኅቴ ጋር ሄድሁ። ስለ አውቶቡስና ስለ መማሪያ ክፍሎች ብዙ ተነገረ፤ ስለ በጀት ማነስም ተነገረ። እኔም ተነሥቼ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፥ «የምናገኘው አነሰ ብለን ስንናገር፥ ምንም የማያገኙትን ጎረቤቶቻችንን እናስብ። ለእነርሱም እንዲታሰብላቸው ከእኛ ከተጠቃሚዎቹ በፊት ማን ሊናገር ይገባል?» አልሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሰው «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» አለ፤ ሌላው ሰዓቱን አየ። ተቀመጥሁ፤ ፊቴም ጋለ። እኅቴ በአማርኛ ቀስ ብላ «ልጂቱን ያስወጧት ይሆን?» አለችኝ። የሚያስወጣት እንደሌለ ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት እኔም ፈራሁ። አዎን፥ ልጂቱ ከዚያ እንድትወጣ አልፈልግም ነበር። ስለ ፍትሕ እየተናገርሁ ሳለ ልቤ ለራሷ የቆረሰችውን ቁራሽ አጥብቃ ይዛ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ጻድቅ መስዬ እንዳልታያችሁ ነው።

ስብሰባው ሲያልቅ ልጅ ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት አሮጊት ወደ እኔ ቀረበች። «እኔ ከ1984 በፊት ነው የተማርሁት» አለችኝ። «እናቴ የኔን የመጨረሻ ክፍሎች ክፍያ የምታገኘው ማታ ማታ የመሥሪያ ቤት ወለል እያጠበች ነበር። ግብሩንም ትከፍል ነበር፥ ክፍያውንም ትከፍል ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ይህ ግፍ ነው እንል ነበር። አሁን ግን ረሳነው።» ይህን ብላ እጄን ጨብጣኝ ሄደች። መንገዱን ሁሉ የሐጂን የቀላ ዓይን አስብ ነበር። የዚህች ሴት እናትና ሐጂ አንድ ሰው ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የሃይማኖት ስም ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ወደ ሐጂ ቤት ሄድሁ። «ሐጂ፥ ያን ቀን ለልጂቱ የመለስሁላት መልስ ልክ አልነበረም፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ሐጂም ሻይ ቀዱልኝና እንዲህ አሉኝ፤ «ወንድሜ፥ ልጃችሁ ያገኘችውን ትጣ አላልሁም፤ ምቀኝነት በኛም ሃይማኖት ኀጢአት ነው። መንግሥት ለኛም ቢከፍል ደግሞ ነገ የምናስተምረውን እርሱ ሊመርጥልን ይመጣል፤ እርሱን ሳስብ ታክሲዬን መንዳት ይሻለኛል እላለሁ። ግን ሕጉ ነው ብላችሁ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ስታስመስሉት ያመኛል። ሰው የሠራው ነው፤ እወቁልኝ፥ ሌላ አልልም።» ከዚያም ተነሥተው የታክሲያቸውን ቁልፍ አነሡ፤ የሥራ ሰዓታቸው ደርሶ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፥ እናንተም አንድ ቀን ከሌላው የሚበልጥ ነገር በእጃችሁ ይገባል። ምናልባት የትምህርት ዕድል፥ ምናልባት ሥራ፥ ምናልባት ዘመድ በሹመት ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ «ሕጉ ነው፥ ዕድሌ ነው፥ አባቴ ያቆየልኝ ነው» የሚል አሳብ ሳትጠሩት ይመጣላችኋል። አሳቡ እውነት ሊሆንም ይችላል፤ የካቶሊኮቹም ውል እውነት ነው። ቃሉን አክብሩ፥ የአባቶችንም ድካም አትናቁ። ነገር ግን እውነት በሆነ ነገር ተከልላችሁ ሌላውን እውነት እንዳትሸሹት ተጠንቀቁ። ቁራሹን ከመጉረሳችሁ በፊት በማዕዱ ዙሪያ ማን እንዳልተቀመጠ ቀና ብላችሁ እዩ። ልጂቱ ያን ቅዳሜ ያደረገችው ይህንኑ ነበር፤ ከደብተሯ ቀና አለችና አየች። እኔ ሽማግሌው ከእርስዋ ተማርሁ።